የዘገየው ብርሃን

የአይሱዙ ከመነዳሪ በግማሹ ነፍተን፣
መጅ የጠፋው ወፍጮ ከመንዝ አስመጥተን፣
ድንጋዩን በጎማው ላይ ቀስ አርገን አጋድመን፣
ጠረጴዛ ሠራን፣
አገር ቢነቃነቅ እሱ የማይባንን።

መስኮቱ ካርቶን ነው፤ ውጭ ውርጭ ጥሏል፤
የጠባሴ ሜዳ ጨው መስሎ ነጥቷል።
ከተማችን ስሟ ብርሃን ነው፤ መብራቷ ግን ይሄዳል፤
ዛሬ አለ። ሌዘሩ ቀይ ክር ዘርግቷል።

እልፍነሽ ትንፋሿን ሰብስባ ይዛለች፣
በስስ መስታወት ላይ ጠብታ ጣለች፦
የአቶ ጌታሰው አውራ በግ ዘር ናት፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ግልገል የጠፋበት።
ሰውዬው ብልቃጧን ከጋቢው ሥር፣ በብብቱ፣
አሙቆ አምጥቷታል፤ እንዳይቀር ሙቀቱ።
“እኔ ቀለም አልቆጠርሁ፤ እናንተ ቁጠሩ፤
የአውራው ይሁን የሴቶቹ፣ አይታችሁ መስክሩ።”

ቀለም!
ድሮ እኛም በቀለም ነበር የምናየው፤
ሰማያዊ ስንቀባው ቅርጹ ወለል የሚለው፤
ግን ቀለም ሲገባው ይሞታል ሕያው።
ሬሳ ነው ያጠናን ዓመት ካመት ሙሉ፣
ሕይወት ይሄ ነው ብለን ያስጠናን በቃሉ።
ያልተቀባ ህዋስ ውሃ በውሃ ነው፤
ብርሃን ሲያልፍበት ጥላ እንኳ የለው።

ስለዚህ ብርሃኑን ከሁለት ከፈልነው።
አንዱን ባዶ መንገድ፣ በአየር ሰደድነው፤
አንዱን በህዋሱ ሆድ መሃል አሳለፍነው፤
ከወዲያ ማዶ ላይ አገናኘናቸው።
በባዶ የመጣው ቀድሞ ይቆማል፤
በሕይወት ውስጥ ያለፈው ትንሽ ይዘገያል።
ትንሽ ማለት፣ ጥቅሻን ሺህ ቦታ፣
ሺሁን ሺህ ቦታ፣
ያንንም ሺህ ቢከፍሉት የማይደርሱበት ነው።
ሲገናኙ ግን ያ መዘግየት ይጻፋል፣
እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ይሰለፋል፤
ህዋሱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ያለው ይጎብጣል፣
ገበሬ ድንጋይ ሲገጥመው ዞሮ እንደሚያርስ።

“ይሄኛው ስንት ዘገየ?” አለች በሹክሹክታ።
ጥያቄው አባነነኝ እንደ በር ኳኳታ፦
የዛሬ አራት ዓመት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣
ስም ጠርቼ ስጨርስ በሩ ከፈት ይል፤
ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ በእንቅልፍ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ስታልፍ፤
እኔ ቀና ሳልል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
“ቀሪ” እላት ነበር፣ እጄ ለዚህ ተግቶ።
በባዶ መንገድ የመጡት፣ ከዶርም የተነሱ፣
ፊት ወንበር ይዘው ምልክት አገኙ እነሱ።
እሷ በምን አለፈች? አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤
መምህር ነበርሁ እንጂ መለኪያ አልነበረኝም።

ይሄኔ ወደ ጣርማበር አንድ ተሳቢ አለፈና
ባነነ ድንጋያችን፤ ትልሙ ሆነ ደመና።
ትንፋሽ ይዘን ጠበቅን፣ ቀጥ እስኪል እንደገና።

ከዚያ ታዩ። ሕያው ናቸው፤ ያልተቀቡ፣ ያልሞቱ፣
ራሳቸው ጉብታ፣ ጭራቸው ክር፣ ሲራኮቱ፤
ግን ወደፊት የሚል የለም። ክብ ነው የሚሠሩ፣
እህል የሌለው አውድማ ላይ እንደ በሬ የሚዞሩ።

ጥፋቱ የአውራው ነው።
አቶ ጌታሰው ከግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃል፤
ለጥበቃው በጉን ሲያወድስ ይሰማል፦
“ቀንዱን ብታየው እኮ!” ይላል።

ማን ይንገረው? እልፍነሽ ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።
በካርቶኑ ቀዳዳ አየኋት፤ አጠገቡ ተቀመጠች፤
ስለ ዝናቡ ጠየቀችው፤
ስለ ገብሱ ጠየቀችው፤
ስለ በጉ ገና ምንም አላለች።

ዘገየች።
ሰዓቴን አላየሁም።